ቶዮታን የሙጥኝ ያልነው ለምንድን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ሹፌሮች ከቶዮታ አልላቀቅ ያሉት ለውጥ ስለሚፈሩ ነው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። አልስማማም። ጎንደር ላይ መኪና የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፍጥነቱም ሆነ ስለ መልኩ አይደለም፣ «ዕቃው ይገኛል ወይ?» ነው። ደባርቅን አልፎ ሊማሊሞን ቁልቁል የሚወርድ ሰው የፍሬን ሸራው ቶሎ ያልቃል። የቶዮታ ከሆነ እዚሁ ከተማ ገዝቶ በዚያው ቀን ያስገጥማል። ብዙም ያልተለመደ መኪና ከሆነ ግን አዲስ አበባ ደውሎ፣ በሰው አስልኮ፣ መኪናውን አቁሞ መጠበቅ ነው፤ በመኪናው እንጀራ ለሚበላ ሰው ደግሞ የቆመ መኪና ዕዳ ነው። መካኒኩም ቢሆን ኮሮላና ሃይሉክስ ሲፈታ ሲገጥም ያደገ ነው፣ ኮፈኑን ሳይከፍት በድምፁ ብቻ ችግሩን የሚነግርህ አለ።

ሌላው ዋጋው ነው። ያገለገለ ቪትዝ ለመሸጥ ደላላ መለማመጥ አያስፈልግም። እኛ አገር መኪና ቁጠባም ጭምር ስለሆነ፣ ሲሸጥ የማይከስር መያዝ ሞኝነት አይመስለኝም። (የስም ኩራት የለበትም አልልም፣ ትንሽ አለበት።)

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ የኤሌክትሪክ መኪና አስመጪዎች እኛን ከመውቀስ ይልቅ ከመሸጣቸው በፊት ጎንደር ላይ የመለዋወጫ መደብርና የሠለጠነ ባለሙያ ያለው ጋራዥ ይክፈቱ። ፈቃድ ሰጪውም ይህን ግዴታ ያድርገው።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር