ለእማዬ ንገሪያት፣ ማንም አልሞተም

ሚሚዬ፣ እንደምን ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ፎቶው ላይ ደረቴ ላይ ያለው ቀይ አበባ እማዬን አስደነገጣት አልሽኝ። ማንም አልሞተብኝም፣ ፓርቲም አልገባሁም። ሦስት ወር የጠፋሁት ሥራ በዝቶ ነው፤ ሌላ ነገር አታስቡ።

አበባው ፖፒ ይባላል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተኩስ የቆመው በፈረንጆች ኖቬምበር 11 ቀን 1918 ነው፤ እዚህ ኤደንብራ ያን ሰሞን ብዙ ሰው ለሞቱት ወታደሮች ያደርገዋል። ጦርነቱ በገለባበጠው የፍላንደርስ መሬት ላይ በቅሎ የታየ የዱር አበባ ነው። የእንግሊዙ አረንጓዴ ቅጠል አለው፤ የስኮትላንዱ ቅጠል የለውም፣ አራት ቀይ ክንፍ ብቻ። የሚሸጠው የወረቀት ነው፣ የእኔው ግን የኪሮሽ። ከእማዬ ዳንቴል አይከብድም።

4 ሚሊሜትር ኪሮሽ ያዢ። በጥቁር ክር 4 ሰንሰለት ሠርተሽ ጫፍና ጫፉን አገናኚ፤ ቀለበቱ ውስጥ 12 አጭር (ክሩን ሳትጠመጥሚ የምትሠሪውን) ሥሪ። የክሩን ጭራ አብረሽ ሸፍነሽው ሂጂና መጨረሻ ላይ ሳቢው፤ አለዚያ መሐሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። 12ቱን ቁጠሪ፣ አንድ ከጎደለ አራተኛው ክንፍ ሽባ ይሆናል። ከዚያ ቀዩን አስገቢ። ለአንድ ክንፍ ሦስት ዓይን ነው፦ በመጀመሪያው 3 ሰንሰለት ወጥተሽ 2 ረጅም፣ በመሐለኛው 3 ረጅም፣ በሦስተኛው 2 ረጅም፤ 3 ሰንሰለት ወርደሽ እዚያው ሦስተኛው ላይ እሰሪው። ረጅም የምልሽ ክሩን አንዴ ጠምጥመሽ የምትሠሪውን ነው። ክንፉ እንደ ስኒ ከተጨበጠ እጅሽ ጠብቋል ማለት ነው፤ 4.5 ሞክሪ። በሹራብ መርፌ የሚሠሩትም አሉ፣ ግን ጫፉ ይጠቀለላል፤ እኔ አልወደውም።

ክሩን በሰው እጅ ልኬልሻለሁ፣ አክሪሊክ ነው። ጥጥ ዝናብ ሲያገኘው ውሃ ጠጥቶ ይዘረጠጣል። ከ50 ግራም ቀይ ብዙ አበባ ይወጣልሻል። መርፌ ቁልፉን ከመሐሉ ከፍ አድርገሽ አግድም ስፊው፤ መሐሉ ላይ ከሆነ አበባው አንገቱን ይደፋል።

የድንኳኑን ገንዘብ ማክሰኞ ልኬያለሁ። ጥር ላይ ለሠርግሽ አልደርስም፣ ሚሚዬ። ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ገንዘብ ልካ ተገላገለች እንዳትሉኝ ብቻ፤ ጎጆ ስትወጪ ከኋላሽ ቆሜ እልል ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። የቀሚስሽን ጥለት ከቅርብ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ሩቅ ፎቶ አልፈልግም።

የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያላትን አንድም ሳትደብቂ ጻፊልኝ። ጥቁር ክር በማታ አታስይዣት፣ ለጤነኛ ዓይንም አይታይም። ጥቁሩን አንቺ ጨርሺላት፣ ቀዩን እሷ ትሥራው። አንዱን ለአያታችን አድርጉለት፤ ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲዘምት የተነሣው ፎቶ ላይ። ለእሱ መርፌ ቁልፍ አያስፈልግም፤ የክሩን ጭራ 20 ሳንቲም ትተሽ ከጀርባ ሚስማሩ ላይ ቋጥሪው።

እህትሽ