«አጉል እምነት» ከማለታችን በፊት

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጤና በሚጻፉ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ የማገኘው ቃል አለ፦ «አጉል እምነት»። ቃሉ አንዴ ከተጻፈ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሰዉ አላወቀም፣ እናሳውቀው፣ በቃ። እኔ በጤና ትምህርት ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

እንገርን፣ ማለትም እናት እንደወለደች የሚመጣውን የመጀመሪያ የጡት ወተት፣ እንይ። ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ በብዙ አገር ይደፋል። እኛ እናቶችን ሰብስበን «ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ እንገሩ ከበሽታ ይከላከልለታል» እንላለን። እናቶቹ ይሰማሉ፣ ያምናሉም። ቤት ሲገቡ ግን ወሳኞቹ አማቶችና አያቶች ናቸው። እነሱን ማን ጠራቸው? እኔም አልጠራኋቸውም ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አያቲቱ እንገሩን የምታስደፋው ለሕፃኑ ሳስታ ነው። ንግግራችን ከዚያ ስስት ቢጀምር ኖሮ ታዳምጠን ነበር።

የኢቦላው ደግሞ ይብሳል። በ2014 እ.ኤ.አ. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን አስከሬን ማጠብና መንካት በሽታውን ያዛምት ነበር። መጀመሪያ ላይ ከላይ እስከ ታች የተሸፈኑ ሠራተኞች መጥተው ሬሳውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዘው ይሄዱ ነበር። ቤተሰብ አልተሰናበተም፤ አንዳንዱም የት እንደተቀበረ እንኳ አላወቀም። ሰዉ ሬሳ መደበቅና በሌሊት መቅበር ጀመረ። እናቱን ሳይሸኝ ቀረ የሚባለውን ሰው አስቡት! በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ከሃይማኖት አባቶች ጋር መክሮ አዲስ የቀብር መመሪያ አወጣ። ቤተሰቡ ራቅ ብሎ እንዲገኝ፣ ጸሎት እንዲደረስ፣ ለሙስሊሞች ከረጢቱ በነጭ ከፈን እንዲሸፈን ተፈቀደ። መንካቱ ቀረ፣ ክብሩ ግን ተመለሰ። የሰዉ ትብብርም ከዚያ ወዲህ ተሻሻለ።

ሁሉም ልማድ ይከበር እያልኩ አይደለም። እትብት ላይ እበት መቀባት ሕፃኑን ለቴታነስ ያጋልጣል፤ የሚያስቀምጠውን ልጅ ውኃ መከልከልም ይገድላል። ይህ በግልጽ መነገር አለበት። ግን የሚናገረው ማን ነው? የሚነገረውስ ለማን?

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ እንገር ወይም ስለ ክትባት ስትጽፉ፣ ሪፖርተራችሁ ከሐኪሙ ቢሮ ወጥቶ አያቲቱ ዘንድም ይሂድ። ምን እንደምትፈራ ይጠይቃት፤ መልሷንም ሳታሳጥሩ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጤና ትምህርት ባለሙያ