የተዘጋ መጋዘን ለወጣቶች ከመሰጠቱ በፊት አፈሩ ይመርመር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሥራ አጥ ወጣቶችን በማኅበር አደራጅቶ የመሥሪያ ቦታ መስጠት በየወረዳው የተለመደ አሠራር ሆኗል። ቦታ ሲታጣ ደግሞ ዓይን የሚያርፈው በተዘጉ ግቢዎች ላይ ነው፤ በቀድሞ የመንግሥት እርሻዎች ጋራዥና ነዳጅ ማከማቻ፣ ሥራ ባቆሙ የጥጥ መዳመጫዎች፣ ባዶ በቀሩ የፀረ ተባይ መጋዘኖች። አጥርና ጣሪያ ስላላቸው፣ መኪናም ስለሚገባባቸው፣ ምርጫው የሚያስነቅፍ አይደለም። የሚያሳስበኝ ግቢው ከመተላለፉ በፊት አፈሩ ምን እንደያዘ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት አካል በግልጽ አለመታወቁ ነው።

የአዋሽ ሸለቆን ለአብነት ላንሳ። ከመካከለኛው አዋሽ እስከ ተንዳሆ የተዘረጉት የጥጥ እርሻዎች፣ በ1967 ዓ.ም. ከመወረሳቸው በፊትም ሆነ በኋላ፣ ከአውሮፕላን ጭምር መድኃኒት ሲረጭባቸው ኖረዋል። በእንዲህ ያለ እርሻ ከማሳው ይልቅ የሚያስፈራው መድኃኒቱ የተበጠበጠበት፣ መርጫው የታጠበበትና በርሜሉ ሲያፈስ የቆየበት ጥቂት ካሬ ሜትር መሬት ነው። አገራችን ጊዜ ያለፈበት ፀረ ተባይ በብዛት ከተከማቸባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ስለነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ድጋፍ 1,500 ቶን ገደማ ተሰብስቦ ፊንላንድ ውስጥ እንዲቃጠል ተደርጓል። ሥራው ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሆኖም በርሜሉ ተነሣ ማለት ከሥሩ ያለው አፈር ጸዳ ማለት አይደለም። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ አፈር ውስጥ ገብቶ ግማሹ ብቻ እስኪበሰብስ ከአሥር ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል።

በእንዲህ ያለ ግቢ የዶሮ እርባታ ማቋቋም ከሁሉ የከፋ ምርጫ ይመስለኛል። ዶሮ እየጫረች ከምትለቅመው ጋር አፈር ትውጣለች፣ መርዙም በእንቁላሉ አስኳል ስብ ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንቁላሉን ደግሞ ቀድመው የሚበሉት የማኅበሩ አባላት ልጆች ናቸው። ያው ግቢ ወለሉ በኮንክሪት ተሸፍኖ የብረታ ብረት መጋዘን ቢሆን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር። ስለዚህ ምርመራው ቦታውን ለመከልከል ሳይሆን ለምን እንደሚሆን ለመወሰን ይጠቅማል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሚያተኩረው አዲሱ ፕሮጀክት ወደፊት በሚያደርሰው ጉዳት ላይ ነው። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለው ወገን ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ነገር ግን በካዩ የፈረሰ የመንግሥት ድርጅት ሲሆን ወጪው በማን ላይ ይወድቃል? መሬቱን የወረሰው መንግሥት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በምንም መንገድ በብድር ሥራ በጀመሩ ወጣቶች ላይ ሊወድቅ አይገባም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2002 የወጣው ሕግ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ሳይቀሩ የተተዉ ነዳጅ ማደያዎችንና ፋብሪካዎችን የሚያስመረምሩበት የፌዴራል ገንዘብ እንዲያገኙ አድርጓል። እኛ ያን ያህል ገንዘብ የለንም። ይሁን እንጂ የእነርሱ ምርመራ የመጀመሪያ ደረጃ ቁፋሮም ላቦራቶሪም አይጠይቅም፤ የቆየ መዝገብ ይገለበጣል፣ ቦታው በእግር ይታያል፣ ቀድሞ የሠሩበት ሰዎች ይጠየቃሉ። ናሙና የሚወሰደው ከዚያ በኋላ፣ ጥርጣሬ ባለበት ነጥብ ላይ ብቻ ነው። ይህን የመጀመሪያ ደረጃ ማንኛውም ወረዳ ሊያከናውነው ይችላል፤ የትኛው ጥግ መድኃኒት ይፈስበት እንደነበር፣ የተቃጠለ ዘይት የት ይደፋ እንደነበር የሚያውቁት ጡረታ የወጡት የንብረት ክፍልና የርጭት ሠራተኞች ናቸውና። እነርሱ ካለፉ በኋላ ግን ያንኑ ለማወቅ ግቢውን በሙሉ መቆፈር ሊያስፈልግ ነው፤ ያ ደግሞ ከአቅማችን በላይ ነው።

ምርመራ ሥራ ያጓትታል የሚሉ ኃላፊዎች እንደሚኖሩ እገምታለሁ። ሽማግሌ መጠየቅና ግቢ ዞሮ ማየት ግን ከጥቂት ቀናት በላይ አይፈጅም፤ የወረዳ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች የዚህን ውጤት የያዘ ቃለ ጉባኤ ሳይያያዝ የተዘጋ የኢንዱስትሪ ወይም የእርሻ ድርጅት ግቢ ለማንም እንዳያስተላልፉ፣ ጥርጣሬ ሲገኝም የክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የአፈርና የጉድጓድ ውኃ ናሙና በራሱ በጀት እንዲያስመረምር መመሪያ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣው አንባቢ፣ ከአዳማ