ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ "ፖሰተ" አማርኛ ነው

ሰላም አዘጋጆች፣

ባለፈው እትም አንድ ጸሐፊ የፈረንጅ የሳይንስ ቃላት አማርኛን እያጠፉት ነው ያሉትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ኢንተርኔት ላይ ለጠፈ ለማለት የሚባለው "ፖሰተ" እንኳ ለኔ አማርኛ ነው። እኔ ቡዳፔስት ነው የተማርኩት፣ ሃንጋሪዎች የውጭ ቃል ሲገባባቸው እንዴት እንደሚይዙት አይቻለሁ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነሱም ቋንቋችንን እናድስ ብለው ተነስተው ነበር፣ እነ ጸሐፊው ፌሬንጽ ካዚንጺ መሩት፣ በሺ የሚቆጠር ቃል ተፈጠረ። ኦክሲጅንን ሕይወት ከሚለው ቃላቸው "ኤለኝ"፣ ናይትሮጅንን አየር ከሚለው "ሌጌኝ" አሉት። ዛሬ የሚባለው ግን ኦክሲጌንና ኒትሮጌን ነው። ኮምፒውተር በተቃራኒው "ሳሚቶጌፕ" ሆኖ ቀረ፣ የሚያሰላ ማሽን እንደማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የማረከኝ ሰዋስዋቸው ነው። እኛ በአቶም አማካይነት ለማለት "በአቶም" ስንል በ ከፊት ትገባለች አይደል፣ እነሱ "ቫል" ወይ "ቬል" ከኋላ ይቀጥሉና ቭ ትጠፋለች በሷ ምትክ የቃሉ መጨረሻ ፊደል ይጠብቃል፣ አቶም "አቶማል" ይሆናል ም ጠብቃ፣ ሌዘር "ሌዘሬል" ይሆናል ር ጠብቃ። "ውስጥ" ለማለትም አቶም ሲሆን "አቶምባን"፣ ጂን ሲሆን "ጌንቤን"፣ ምክንያቱም የቅጥያው አናባቢ ከቃሉ አናባቢ ጋር መስማማት አለበት። ግስም እንደዛው ነው፣ ላይክ "ላይኮል" ስካን "ስኬኔል" ሆኖ ይረባል፣ "ላይክ አረኩ" በአንድ ቃል "ላይኮልታም" ነው። ቃሉ ከየትም ይምጣ ሃንጋሪኛ ሆኖ ነው የሚወጣው።

እኛም ስም ላይ አንታማም፣ ከቫይረሱ፣ ኮምፒውተሮቻችን እንላለን። ግስ ላይ ግን ሁሉንም "አደረገ" ላይ እንጭናለን፣ ስካን አረገ ዳውንሎድ አረገ። ልጆች "ፖሰተ" ሲሉ ይሳቅባቸዋል እኮ፣ እኔ ግን ጥሩ አማርኛ ነው እላለሁ፣ ልክ እንደ ሞከረ ነው የሚሄደው፣ ይፖስታል፣ ፖስቶ፣ አትፖስት። ሁሉም አይሆንም በርግጥ፣ ስካንን እንዲህ ብናረባው ሰከነ ይሆንና ከተረጋጋ ጋር ይምታታል።

አንድ ልመና አለኝ። በአንድ እትማችሁ ላይ ኮምፒውተር፣ ኮምፒዩተር፣ ኮምፕዩተር ሶስቱንም አገኘሁ። የሃንጋሪ ሳይንስ አካዳሚ በ1832 እ.ኤ.አ የአጻጻፍ ደንብ አውጥቶ እስከዛሬ እያሻሻለ ያሳትማል፣ ሶፍትዌርን እንኳ አፋቸው እንደሚለው "ሶፍትቬር" ብለው ነው የሚጽፉት። እናንተም ከሶስቱ አንዱን መርጣችሁ በሚቀጥለው እትም ብታሳውቁን?

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ