ቦቴው ሄደ፣ ዓሣው ሞተ፦ ለሕዝብ ሐይቃችን ትራውት ለሚያቀርበው ድርጅት የተጻፈ ቅሬታ

ለሕዝብ ሐይቆች ትራውት ዓሣ በውል ለሚያቀርበው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ኮሎራዶ

ጉዳዩ፦ የዓሣ አለቃቀቃችሁን በተመለከተ ቅሬታ ስለማቅረብ

ጤና ይስጥልን።

እኛ በአውሮራና በዴንቨር አካባቢ የምንኖር፣ ዓሣ ማጥመድ የምንወድ ኢትዮጵያውያን ነን። ገሚሳችን ታክሲ እንነዳለን፣ ገሚሳችን ሆስፒታልና መጋዘን ውስጥ እንሠራለን። የዕረፍት ቀን ስናገኝ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄደው እናንተ ዓሣ ወደምትለቁበት ሐይቅ ነው። በጾም ዓሣ የሚበሉ ቤተሰቦችም አሉን። የሁዳዴ ጾም ከእናንተ የፀደይ ዙር ጋር ስለሚገጥም፣ ያን ሰሞን ሐይቁ ዳር አማርኛ የማይሰማበት ቀን የለም። የደብዳቤው የእንግሊዝኛ ቅጂ በፖስታ ይደርሳችኋል። በአማርኛም የጻፍኩት አብረውኝ የሚያጠምዱ ወገኖቼ አንብበው እንዲፈርሙበት ነው።

ቅሬታችን አጭር ነው። ዓሣውን ታመጣላችሁ፣ ትደፉታላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ይኑር ይሙት ግድ ያላችሁ አይመስልም።

ባለፈው ጁን መጀመሪያ ላይ ያየነውን ልንገራችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቦቴያችሁ መጥቶ ጀልባ መግቢያው ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ቱቦውን ገጠመ፣ ከፈተው፤ ዓሣው ከነውሃው ሐይቁ ውስጥ ተዘረገፈ። ሁሉም ነገር ከመቼው እንዳለቀ አልገባንም። እኔ ውሃው ውስጥ ቴርሞሜትር ነክሬ ነበር። 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይላል። ትራውት ደግሞ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው 20 ዲግሪን ሲያልፍ ይጨነቃል፣ መብላት ይተዋል። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክሲጅንም ይቀንሳል። ዓሣው ብዙ አየር በሚፈልግበት ሰዓት አየር ያጣል ማለት ነው።

ከቱቦው የወጡት ዓሦች ትንሽ ዋኙና በጎናቸው ተኙ። አንዱን ጎንበስ ብዬ በእጄ ያዝኩት። አልታገለኝም። ስንጥቡ በፍጥነት ይከፈታል፣ ይዘጋል። የጅራቱ ጫፍ ተበልቶ ዱልዱም ሆኗል፣ የደረቱ ክንፎችም አጥረው ጉቶ መስለዋል። በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ተጨናንቆ ያደገ ዓሣ እንዲህ እንደሚሆን እናውቃለን፤ በዚህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አንጽፍም ነበር። ያ ዓሣ ግን ቀና እንዲል ውሃ ውስጥ ደግፌ ብይዘው ብይዘው አልሆነም። በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ወደ ዳር የገፋቸውን የሞቱ ዓሦች ከልጆቹ ጋር እየለቀምን በላስቲክ ከረጢት ሞላን። ልጆቹ «ለምን ሞቱ?» ብለው ጠየቁን። ይህን ጥያቄ ለእናንተ እናስተላልፋለን።

ሾፌሩን አንወቅስም። ትሑት ሰው ነው። «ትንሽ አታለማምደውም ወይ?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ገና ሌላ ሁለት ሐይቅ ይጠብቀኛል» አለኝ። ፕሮግራሙን ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ። ዓሣ የሚያጓጉዝ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የቦቴው ውሃ ቀዝቃዛ፣ የሐይቁ ውሃ ሞቃት ሲሆን ዓሣውን በአንዴ መገልበጥ አይገባም። የሐይቁን ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ቦቴው እያስገቡ፣ የሁለቱ ሙቀት እስኪቀራረብ ይጠበቃል። ፓምፕና ትዕግሥት እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ልዩነቱ በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ ቀድሞውኑ በዚያ ቀን መምጣት አልነበረባችሁም።

ስልክ ደውለን ነበር። የመለሰችልን ሠራተኛ በአክብሮት አዳመጠችን። መጨረሻ ላይ ያለችን ግን ይህን ነው፦ ውላችን በዓሣው ክብደት፣ በፓውንድ ነው፤ ፓውንዱን አስረክበናል። ይሄኔ ነው ነገሩ የገባን። እናንተ የምትቆጥሩት ከቦቴው የወጣውን ክብደት ነው፤ የሞተ ዓሣም ይመዝናል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ በሳምንቱም ውሃው ውስጥ የሚዋኝ ዓሣ ነው። ውላችሁ ይህን የማይጠይቅ ከሆነ ውሉ ራሱ መስተካከል አለበት። ለከተማው ምክር ቤትም ይህንኑ እንጽፋለን።

ገንዘቡ የማን እንደሆነም እንድታስቡበት እንፈልጋለን። እዚህ ስቴት ዕድሜው 16 የሞላው ሁሉ ለማጥመድ ፈቃድ ይገዛል። ዘንግና መዘውር ስንገዛም፣ እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ዋጋው ውስጥ ኤክሳይዝ ታክስ አለበት። እሱም ለየስቴቱ የዓሣ ሥራ ይከፋፈላል። ከተማውም የሚከፍላችሁ ከሕዝብ ግብር ነው። ሌሊት ሠርተን የምንከፍለው ገንዘብ ነው፤ ዝም ብለን ልናየው አንችልም።

ዓሣ መጨመር ይቁም አንልም። እንዲቁም የሚፈልጉ ሰዎች እንዳሉ እናውቃለን፣ ምክንያታቸውንም እናከብራለን። ሞንታና በሚባለው ስቴት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በማዲሰን ወንዝ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከማራቢያ የመጣ ዓሣ መልቀቅ ሲቆም የወንዙ የራሱ ዓሣ እንደሚበዛ ታየ። ከ1974 ጀምሮም ዓሣው ራሱን በሚተካባቸው ወንዞች ላይ መልቀቅ ቀረ። የእኛ ሐይቅ ግን እንደዚያ አይደለም። ሬይንቦው የሚባለው የትራውት ዓይነት እንቁላሉን የሚጥለው ጠጠር ባለበት ወራጅ ውሃ ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ ያለው የቆመ ውሃና ጭቃ ነው። ካልተጨመረ አይኖርም። ለዚህ ነው አለቃቀቁ ላይ የምናከርረው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተለቀቀው ትራውት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም እዚያው እየተራባ ነው። ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ስላገኘ ነው የኖረው። እዚህ ውሃውን ማቀዝቀዝ አንችልም። ወቅቱንና ሰዓቱን መምረጥ ግን እንችላለን። አፕሪልና ኦክቶበር እያሉ ዓሣውን በጁን ከሰዓት በኋላ መድፋት ምን የሚሉት ነው?

የሚያሳስበን ሌላም ነገር አለ፣ በሽታ። ኮሎራዶ በዚህ ጉዳይ ከባድ ዋጋ ከፍላለች። ዓሣን እያሽከረከረ የሚገድለው ጥገኛ ተሕዋስ ወደዚህ ስቴት የገባው በ1980ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ቦታ በመጣ የማራቢያ ዓሣ ነው። የጫጩቶቹን ልም አጥንት ያጠቃል። ጀርባቸው ይጎብጣል፣ ጅራታቸውን እንደሚያባርር ቡችላ ክብ ይዞራሉ፣ ከዚያ ያልቃሉ። በ1990ዎቹ በኮሎራዶና በጋኒሰን ወንዞች የሬይንቦው ጫጩት ጠፋ። በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ከጀርመን አምጥቶ፣ አዳቅሎ ወንዞቹን ለመመለስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ተሕዋሱ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት መቆየት ይችላል፣ ሐይቃችንም ሲሞላ ትርፉ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ የምታመጡት ዓሣ የት እንዳደገና መቼ እንደተመረመረ የማወቅ መብት አለን። ስንጠይቅ «የውስጥ ሰነድ ነው» ተባልን። በሕዝብ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነገር የውስጥ ሰነድ ብሎ መልስ አንቀበልም።

ቦታውንም አስቡበት። ሁልጊዜ ጀልባ መግቢያው ላይ ብቻ ትለቃላችሁ። ዓሣው ለቀናት እዚያው ተከማችቶ ይቆያል። ሰዓቱ ቀድሞ ስለሚታወቅ ቦቴውን ተከትለው የሚመጡ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተደርድረው ይጠብቃሉ። በቀን የሚፈቀደው 4 ትራውት ነው፤ አራቱን ይዞ መኪናው ውስጥ አስቀምጦ የሚመለስ ሰው አይተናል። በማዶ በኩል፣ በዊልቸር ለሚመጡ ሰዎች የተሠራው መድረክ አለ። አንድ አባታችን ሁልጊዜ የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው ወደ ጀልባ መግቢያው መሄድ አይችሉም። ምርቃታቸው አያልቅም፣ ዓሣ ግን አይደርሳቸውም። ሐይቁን የሚዞር የመኪና መንገድ እያለ ቦቴው ሦስት አራት ቦታ ቢቆም ምን ይጎዳል?

ስለዚህ ከሚቀጥለው የፀደይ ዙር በፊት እነዚህን እንድታደርጉ እንጠይቃለን። ውሃው ከ20 ዲግሪ በላይ ከሆነ ጉዞውን አስተላልፉ። ከመልቀቃችሁ በፊት የቦቴውንና የሐይቁን ሙቀት ለክታችሁ መዝግቡ፣ መዝገቡንም ለሕዝብ ክፍት አድርጉ። ዓሣውን በተለያየ ቦታ ልቀቁ፣ አንዱ ቦታ መድረኩ አጠገብ ይሁን። ቀኑን እንጂ ሰዓቱን አታሳውቁ። የጤና ምርመራውን ወረቀት ሐይቁ መግቢያ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። በጁን ለሞተው ዓሣ ደግሞ ምትክ እንዲገባልን እንፈልጋለን፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ በኦክቶበር።

ከእኛ በኩል የምናግዘው ካለ ዝግጁ ነን። ቦቴው ሲመጣ ባልዲ ይዘን ዓሣውን ወደ ማዶ የምናደርስ ጎረምሶች አሉን፤ በማግስቱ ዳር ዳሩን ዞረን የሞተ ካለ ቆጥረን እንነግራችኋለን።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአውሮራና በዴንቨር የምንኖር ዓሣ አጥማጆች

ግልባጭ፦
ለከተማው ምክር ቤት
ለከተማው የመናፈሻዎች አስተዳደር