መሪው ከእጃችን ሲወጣ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ድሮ ሂሳብ የሚቆጥረውን ሜትር እኔም ተሳፋሪውም እኩል እናየው ነበር። አሁን በስልክ መተግበሪያ ነው የምሠራው፣ ተሳፋሪው ስንት እንደከፈለ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ባለፈው ወር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ኤርፖርት ተሰልፌ እያለሁ ስልኬ ላይ «አካውንትዎ ታግዷል» የሚል መጣ። ደውዬ የማናግረው ሰው አልነበረም! ሦስት ቀን ያለ ሥራ ዋልኩ፣ የቤት ኪራይ ግን አይጠብቅም።

ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 በሕዝብ ድምፅ የመተግበሪያ ሹፌሮች እንደ ቅጥር ሠራተኛ እንዳይቆጠሩ አደረገች። ፊኒክስና ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ ዌይሞ የሚባል ኩባንያ ራሳቸውን በሚነዱ መኪኖች ያለ ሹፌር ሰው እየጫነ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሠራተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሟል።

ቴክኖሎጂ አልጠላም። ግን ልጆቻችንን የምናሳድገው በዚሁ መሪ ነው፣ ሕጉ ሲወጣ እኛንም ጠይቁን።

አንድ ሹፌር፣ ከዋሽንግተን ዲሲ