«ሲኒየር ይይህ» የተባለ ሰው ማንን ይፈልግ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጉዳዬ «ሲኒየር» የምትባለዋ ቃል ናት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሰው እየተጉላላባት ነው።

ካምፓስ ውስጥ ሲኒየር ማለት ፍሬሽ ያልሆነ ሁሉ ነው። አምና የገባ ልጅ ዘንድሮ የመጣውን ሻንጣ ተሸክሞለት ዶርሙን ያሳየዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ይሸውደዋል። አሜሪካ ቢሆን ሲኒየር የሚባለው አራተኛ ዓመት የደረሰው ነው፣ እኛ ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ፣ የምንለው። እዚያው አገር ሲኒየር ሲቲዝን ካሉ ደግሞ አዛውንት ማለታቸው ነው። ሥራ ማስታወቂያ ላይ «ሲኒየር አካውንታንት» ሲባልም መሥሪያ ቤቱ ሁሉ የየራሱ መለኪያ አለው፤ ግን የሚፈለገው የሥራ ልምድ አብሮ ስለሚጻፍ አንብበህ ካልሆነልህ ትተወዋለህ።

ሆስፒታል ነው ችግሩ። ሐኪሞቹ እርስ በርስ ቀኑን ሙሉ «ለሲኒየር ደውል»፣ «ሲኒየር ይወስን» ሲባባሉ ነው የሚውሉት። ሥራቸው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ኢንተርኑ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው፤ ሬዚደንቱ ሐኪም ሆኖ ስፔሻሊቲ እየተማረ ያለ ነው፤ ሲኒየር የሚሉት ያንን ጨርሶ ስፔሻሊስት የሆነውን ነው። ኦፕራሲዮን ይደረግ አይደረግ፣ ይተኛ ወይስ ወደ ቤቱ ይሂድ የሚለው ከበድ ያለው ነገር የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። እንግዲህ ይህን ማን ለባላገር ነገረው?

በቀደም ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ኮሪደር ላይ አንድ በርኖስ የደረቡ አባት ያዙኝ። ባለቤታቸውን ይዘው ከመንዝ የመጡ ናቸው።

«ልጄ፣ ዶክተር ሲኒየር የሚባለው የትኛው ነው?»

«አባቴ፣ ስም እኮ አይደለም። ትልቁን ሐኪም ነው እንደዚያ የሚሉት።»

«ታዲያ ትልቁ ሐኪም አይሉኝም? እኔ በየበሩ በስሙ ስጠይቅ ነው የዋልኩት!»

ሰውም ሲስቅባቸው ነበር አሉ። ይኼ ነው ያናደደኝ። ገብተን ስንጠይቅ ስፔሻሊስቱ የሚመጣው በሌላ ቀን ነው፤ እሳቸው ግን ዛሬ ነገ እያሉ ከተማ ውስጥ አልጋ ተከራይተው፣ በዚህ ብርድ፣ ታማሚ ይዘው ይጠብቃሉ። ያቺ «ሲኒየር ይያት» የሚለውን የነገረቻቸው ልጅ ክፋት ኖሯት አይመስለኝም፤ አፏ ለምዶ ነው። ግን ቀኑንስ መንገር ምን ይከብዳል?

ስለዚህ የሆስፒታል ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ የምለምናቸው ትንሽ ነገር ነው። «ስፔሻሊስት ሐኪም ያያታል፣ ሐሙስ ጠዋት፣ እዚህ ክፍል» ብላችሁ በአማርኛ ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ጻፉልን። ማንበብ ለማይችል በቃል ንገሩት። ሰውየው ቢያንስ አልጋውን ለስንት ቀን እንደሚይዝ ያውቃል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን